የሮታሪ ሞተር ውሃ ፓምፕ

አሜሪካ ውስጥ አውሮፕላን በገዛ እጃቸው ሠርተው ከሚያበሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ከማዝዳ አርኤክስ-7 መኪና የወጣውን 13ቢ ሞተር ይገጥሙለታል። ፒስቶን የለው፣ ቫልቭ የለው፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ሁለት ሮተሮች በቤታቸው ውስጥ ይዞራሉ፣ በቃ። ስለ ሮተሩና ስለ ፈጣሪው ስለ ፌሊክስ ቫንክል ብዙ ተጽፏል። ሞተሩን በሕይወት የሚያቆየው የውሃ ፓምፕ ግን አስታዋሽ የለውም።

በዚህ ሞተር እሳቱ ሁልጊዜ የሚነደው በአንድ ጎን ነው። የካንዴላው ጎን ሲግል ይኖራል፤ ተቃራኒውን ጎን አዲስ የሚገባው አየር ያቀዘቅዘዋል። የተፈታ 13ቢ ሳገኝ መጀመሪያ የማየው የካንዴላውን ቀዳዳ ዙሪያ ነው። አንዱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ በጥፍሬ ዳስሻለሁ፤ ውሃውን የሚያግደው ጎሚኒም ደርቆ በእጄ ላይ ተሰባበረ። ውሃው እዚያ ጋ በቂ ፍጥነት አልነበረውም።

«ውሃው ቶሎ ካለፈ ራዲያተሩ ውስጥ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም» የሚባለው ነገር ያናድደኛል። አብራሪውም መካኒኩም ይደግመዋል። ውሃው እኮ የሚዞር ነው! ራዲያተሩ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ቢያጥር ሞተሩ ውስጥ የሚቆይበትም አብሮ ያጥራል፤ ዙሩም ይበዛል። ዝግ ያለ ውሃ ከራዲያተሩ ቀዝቅዞ ሲወጣ ያስደስታል፤ ነገር ግን የራዲያተሩ የታችኛው ክፍል ከአየሩ ብዙም ስለማይሞቅ የሚያስወጣው ሙቀት ትንሽ ነው። ፈጣን ውሃ ራዲያተሩን ከዳር እስከ ዳር ያሞቀዋል፣ አየሩም የበለጠ ሙቀት ይወስዳል። ካንዴላው ጋ ደግሞ የዘገየ ውሃ ይፈላና እንፋሎቱ ብረቱን ይሸፍነዋል። በጣም የጋለ ምጣድ ላይ የወደቀች የውሃ ጠብታ ብረቱን ሳትነካ እንደምትንሳፈፈው ማለት ነው።

«ቴርሞስታቱን ሳወጣው ሞተሩ ባሰበት» የሚሉም አሉ፤ ጥፋተኛው ፍጥነቱ ይመስላቸዋል። የ13ቢ ቴርሞስታት ሲከፈት በታችኛው ሳህኑ የአቋራጩን ቀዳዳ ይዘጋል። አውጥተው ሲጥሉት አቋራጩ ክፍት ይቀርና የውሃው ከፊል ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። የምታወጡት ከሆነ ቀዳዳውን ድፈኑት።

የሚያስፈልገው የውሃ መጠንስ? 160 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር 60 ኪሎዋት ሙቀት ለውሃው ያቀብላል ብለን እናስላ። ውሃው ሞተሩን ሲያቋርጥ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር በደቂቃ 86 ሊትር መዞር አለበት። ግማሹ ግላይኮል ከሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ስለሚቀንስ ወደ 100 ሊትር ይጠጋል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ የምትገዙ ሰዎች፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ሊትር ብዙውን ጊዜ ምንም በማያግደው ቱቦ የተለካ ነው። የሞተሩ ጠባብ መተላለፊያ፣ ራዲያተሩና እያንዳንዱ የቱቦ ክርን ከዚያ ላይ ይቀንሳሉ። መኪና ሙሉ ጉልበቱን የሚጠቀመው ለጥቂት ሰከንዶች ነው፤ አውሮፕላን ግን ለደቂቃዎች ሳያርፍ ይወጣል።

ፓምፑ የራሱ ወሰን አለው፤ በሚስብበት በኩል ግፊቱ ከወረደ ውሃው እዚያው ይፈላና ፓምፑ አረፋ ይገፋል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አውሮፕላኑ ከዚያም በላይ ሲወጣ መፍያው የባሰ ይወርዳል። የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት በውጪው አየር ላይ የሚደመር ስለሆነ ከፍታ ሲጨምር ድምሩ አብሮ ይሳሳል። ስለዚህ የግፊት መለኪያውን ፓምፑ በሚስብበት በኩል ግጠሙት፤ የሙቀት መለኪያ ብቻውን አረፋው መጀመሩን አይነግራችሁም።