ዋንዛና ገበቴ

ሰው በሩቅ ያለውን ሲያደንቅ በደጁ ያለውን ይረሳል። የሐዋይ ሰዎች «ኡመኬ» የሚሉትን ዝነኛ ገበቴ የሚያወጡበት «ኮው» የተባለው ዛፍ የእኛው የዋንዛ ዘመድ ነው፤ የዕፀዋት ሊቃውንት ሁለቱንም «ኮርዲያ» ከሚሉት ወገን ይቈጥሯቸዋል። በገበቴው የሚቀርበው «ፖይ» የተባለው ምግባቸውም ከጎደሬ የሚዘጋጅ ነው።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ግንዱ ለሁለት ተፈልጦ እምብርቱ ይወገዳል፤ ስንጥቅ የሚነሣው ከዚያ ነውና። እርጥቡ እንጨት በመጥረቢያና በመሮ ወይም በቶርኖ ወፈር ተደርጎ ይቦረቦርና በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ሲደርቅ ስለሚጣመም እውነተኛው ቅርጽ የሚወጣው በሁለተኛው ሥራ ነው። ከከንፈሩ እስከ መቀመጫው የሆዱ ክብነት ሳይሰበር ይወርዳል፤ ጎኑ ይሳሳል፤ ታችኛው ግን እንዳይገለበጥ ይወፍራል። ሐዋዮች ገበቴው ቢሰነጠቅ እንኳ አይጥሉትም፤ በቢራቢሮ ቅርጽ እንጨት ይጠግኑታል፤ በመጠገኑም ክብሩ ይጨምራል።

እኛስ? በጉራጌ እንጨት ጠራቢው ለብዙ ዘመን በንቀት ሲታይ ኖሯል። ዋንዛውም ስለተመናመነ የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጥ ከልክሎ ነበር። እንደ ኮዬ ፈጬ ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች ወጥ ቤቱን የያዘው ፕላስቲክ ነው። እንግዲህ የተማረው ወጣት ጠራቢውን ያክብር፤ ዋንዛም ይትከል። ዛፉና ባለሙያው ከጠፉ በኋላ ገበቴን በሙዚየም ብቻ ማየት ቍጭት እንጂ ሥልጣኔ አይደለም።