የሠርግ አዳራሽና ቀብዱ

የነቢያት ጾም ሲፈታና ከትንሣኤ በኋላ፥ ጾም ያቆየው ሠርግ ሁሉ በአንድነት ስለሚመጣ፥ በአዲስ አበባ አዳራሽ መከራየት ፈተና ነው። አከራዩም ይህን ያውቃል። ዘመድ ከተጠራ፥ ጠጁም ከተጣለ በኋላ አዳራሹ ብልጫ ለከፈለ ሰው ቢሰጥ ምን ይደረጋል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚያዝዘው፥ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ የሚጸናው ውሉ ሌላ ቃል ካልያዘ ነው። ወላጆች በደስታ ተቻኩለው፥ ይህን መብት የሚያስቀር ቃል ሳያነቡ ሲፈርሙ አይተናል። እንዲሰረዝ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የሚለመነውም ቀብዱ ከእጅ ሳይወጣ ነው።

ከቤት የተጠመቀ ጠላ የማያስገባ አዳራሽም አለና ይጠየቅ። ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ፥ በውሉ ላይ ተለይቶ ይጻፍ።