ሙቀት የሩዝን ፍሬ እንዴት ይጎዳል? ለቢቸናና ለሞጣስ ምን ያመለክታል?

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ጤፍና ስንዴ እንጂ ሩዝ ዋና ሰብል አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው የፎገራ ሜዳ ግን ሩዝ የብዙ ሺህ አባወራዎች መተዳደሪያ ነው። ሙቀት በፍሬ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በጥልቀት ከተጠናባቸው ሰብሎች አንዱም ሩዝ በመሆኑ፣ የደጋው አርሶ አደር ከዚህ የሚቀስመው አለው።

ሩዝ ለሙቀት ይበልጥ የሚጋለጠው ሲያብብ ነው። አበባው የሚከፈተው ከረፋዱ እስከ ቀትር ባሉት ጥቂት ሰዓታት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የአየሩ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ የወንዴው ብናኝ በአግባቡ አይራገፍም። ያልጸነሰው አበባ ባዶ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። ማሳው ከሩቅ ለምለም ይመስላል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው አውድማ ላይ ነው።

ከጸነሰ በኋላ የሚመጣው ሙቀት ደግሞ ጥራቱን ይነካል። ፍሬው የሚሞላበት ጊዜ ያጥራል፤ ስኳርን ወደ ስታርች የሚለውጡት ኢንዛይሞችም ይዳከማሉ። የስታርቹ ቅንጣቶች ተጠጋግተው ስለማይደረደሩ ፍሬው ኖራ የመሰለ ነጭ ሆድ ያወጣል። እንዲህ ያለው ሩዝ ሲፈተግ ይሰባበራል፤ የስባሪ ዋጋ ደግሞ ዝቅተኛ ነው።

የሌሊት ሙቀትም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በፊሊፒንስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2003 ባሰባሰበው መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2004 የታተመ ጥናት፣ በደረቁ የምርት ወቅት ዝቅተኛው ሙቀት በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ምርቱ በ10 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል።

ይሁንና በ1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለሚገኘው ፎገራ ቅርቡ ሥጋት ቅዝቃዜ ነው። ዛላው ከመውጣቱ በፊት ሌሊቱ ከቀዘቀዘ አበባው ይመክናል። ስለዚህ መጠነኛ የሙቀት ጭማሪ እዚያ ሊጠቅምም ይችላል።

ወደ 2 ሺህ 500 ሜትር በሚጠጉት በቢቸናና በሞጣ ሊታሰብለት የሚገባው ስንዴ ነው። ጤፍ እንደ በቆሎና ማሽላ ሙቀትን የመቋቋም ተፈጥሮ አለው። ስንዴ ግን ፍሬ ሲሞላ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይሻል፤ ሙቀት ሲበረታበት ቶሎ ይደርቃል፣ ፍሬው ይጨማደዳል፣ ከኩንታሉ የሚገኘው ዱቄትም ያንሳል። በአካባቢው በሰፊው የሚገኘው ዋልካ አፈር ክረምት ላይ ውኃ ስለሚተኛበት ዘሩ ይዘገያል። ዘግይቶ የተዘራው ስንዴ ፍሬ የሚሞላው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው፤ እርጥበት ያጣ ተክል ደግሞ ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም። ውኃውን በሰፊ መደብና ቦይ አጠንፍፎ ቀድሞ መዝራት፣ ፍሬው አፈሩ ገና እርጥበት ሳለው እንዲሞላ ያስችላል።