ሞተርን የሚያበርደው ፈሳሽና የሚጠይቀው ትጋት

ኀይልን የማይመኝ የለም፤ ኀይል የሚጠይቀውን ትጋት ግን ሁሉ አይመኘውም። ይህን ቁም ነገር ለማስረዳት ዛሬ የምናነሣው በቱርቦ መኪና ላይ ስለሚገጠመው የውሃና የሜታኖል መርጫ ነው። ነገሩ የመካኒክ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ለደጋ አገር ሰው ሁሉ ትምህርት አለው።

የጥርባ ወይም የዳንግላ ተማሪ እንጅባራ ላይ ውሃ አፍልቶ ሙቀቱን ቢለካ፥ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ ሲፈላ ያገኘዋል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተርም እንደ ሰው አየር ይስባልና፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያ ከፍታ የኀይሉን ሩብ ያህል ያጣል።

የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቢዩኺ እ.ኤ.አ. በ1905 በስሙ ያስመዘገበው የቱርቦ ሐሳብ ለዚህ ችግር መድኀኒት ሆኗል። ቱርቦ በከንቱ በሚወጣው ጭስ ኀይል እየዞረ አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደር ይልካል። ይሁን እንጂ የታመቀ አየር ይግላል፤ አየሩ ስስ በሆነበት ደጋማ ቦታ ደግሞ ይበልጥ መታመቅ ስላለበት ይበልጥ ይግላል። በዚህ ጊዜ ቤንዚኑ ካለ ሰዓቱ ይነድና ሞተሩ ያንኳኳል፤ ሲበረታም ፒስተኑን ይበሳል።

የውሃና የሜታኖል ድብልቅ የሚረጨው ይህን ለመከላከል ነው። ፈሳሹ ሲተን ከአየሩ ሙቀት ይወስዳል፤ ውሃ በክብደት ሲመዘን ከሜታኖል እጥፍ ያህል ሙቀት ሲወስድ፥ ሜታኖል ደግሞ ራሱ ነዳጅ ሆኖ ማንኳኳትን ይከለክላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች ግማሽ በግማሽ ያህል የተቀላቀለ ፈሳሽ በተዋጊ አውሮፕላኖቻቸው ሞተር ይረጩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካው ኦልድስሞቢል ፋብሪካ ጄትፋየር የተባለውን ባለ 215 የፈረስ ጉልበት የቱርቦ መኪና ከዚሁ ፈሳሽ ማጠራቀሚያ ጋር አቀረበ። ፈሳሹ ሲያልቅ መኪናው የቱርቦውን ግፊት በራሱ ይቀንስ ነበር። ብዙ ባለቤቶች ግን መሙላቱን ዘነጉ፤ መኪናው ሲደክምባቸውም አማረሩ። ሥራው በ1963 ቆመ፤ በ1965 ደግሞ ፋብሪካው ቱርቦውን አውልቆ ተራ ካርቡሬተር እንዲገጠምላቸው ለባለቤቶቹ ዕድል ሰጠ። ብልሃቱ ጥሩ ነበር፤ የጎደለው የዕለት ተዕለት ጥበቃ ነበር።

ገጠማውስ እንዴት ነው? ማጠራቀሚያው፥ ፊልተሩ፥ ፓምፑና ቱቦው ሜታኖል የማይበላቸው መሆን አለባቸው። የሚረጨው አፍንጫ አየሩ ከኢንተርኩለር ወጥቶ ወደ ሞተር ከመግባቱ በፊት ይተከላል። ፓምፑ የሚነሣው የቱርቦው ግፊት ሲበረታ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋም ፈሳሹ እንዳይንጠባጠብ ማገጃ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ፈሳሹ ቢያልቅ ወይም አፍንጫው ቢደፈን፥ ግፊቱን ወዲያው የሚቀንስ መቈጣጠሪያ ሳይኖር ኀይል መጨመር ሞተርን ለጥፋት መስጠት ነው።

ከሞተር ይልቅ ግን ሰው ይበልጣል። ሜታኖል በመልክም በሽታም አረቄን ይመስላል፤ ጥቂት ጉንጭ እንኳ ዐይን ያሳውራል፥ ነፍስም ያጠፋል። በቆዳም በትንፋሽም ይገባል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በአረቄ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። በስሕተት የጠጣ ሰው ቢኖር ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል፥ «ደኅና ነኝ» ቢልም እንኳ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

መንግሥታችን በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ይታወቃል። በእጃችን ያለውን ሞተር ማክበር እንግዲህ የበለጠ ተገቢ ሆኗል። አዲስ መሣሪያ የሚገጥም እጅ በአገራችን አይጠፋም። እኛ የምንመኘው ግን ከገጠመ በኋላ ማለዳ ማለዳ ክዳኑን ከፍቶ ፈሳሹን የሚያይ ሰው እንዲበዛ ነው። በጋራዥም ሆነ በመሥሪያ ቤት፥ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን መጠበቅ የዘወትር ነውና።