እርሳሱ ቆሞ ወረቀቱ ሲሄድ
የማስመሪያ ፊዚክስ በስፌት መኪና ላይ

በማስመሪያ መስመር ማስመር ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የምናውቀው ተግባር ነው። ወረቀቱና ማስመሪያው ባሉበት ይቆያሉ፤ እርሳሱ ይሄዳል። ለመሆኑ እርሳሱ በአንድ ቦታ ተተክሎ ወረቀቱና ማስመሪያው አብረው ቢንቀሳቀሱ ምን ይከተላል? ጥያቄው ለሐሳብ ጨዋታ የቀረበ አይደለም። በአሜሪካ ኩዊልት የሚባለውን፣ በሁለት ጨርቆች መካከል ስስ ንጣፍ ገብቶበት በስፌት የሚያያዘውን የአልጋ ልብስ በመኪና የሚሠሩ ሰዎች ዘወትር የሚገጥማቸው ነው።

በተለመደው ስፌት ጨርቁን ወደ ኋላ የሚወስዱት ከመርፌው ሥር ያሉት ጥርሶች ናቸው። ብቅ ይላሉ፣ ይስባሉ፣ ዝቅ ይላሉ፣ ይመለሳሉ። ይህን አሠራር አለን ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1854 በፈጠራ መብት አስመዝግቦታል። በነፃ እጅ ስፌት ግን ጥርሶቹ ዝቅ ተደርገው ወይም ተሸፍነው ጨርቁን የሚመራው እጅ ብቻ ይሆናል። በአገራችን በሲንጀር መኪና ጥልፍ የሚጠልፉ ባለሙያዎችም ጨርቁን የሚመሩት በእጃቸው ነው። በዚህ ጊዜ የስፌቱ ርዝመት በሁለት ነገሮች ይወሰናል። መኪናው በደቂቃ 800 ጊዜ ቢወጋና እጅ ጨርቁን በሰከንድ 33 ሚሊ ሜትር ቢያንቀሳቅስ፣ አንዱ ስፌት 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። የእጅ ፍጥነት በሰከንድ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ስፌቱ 0.75 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ማስመሪያ ይህን ጉድለት አያርምም፤ የሚያርመው አቅጣጫን ነው።

ማስመሪያው ከወፍራም አክሪሊክ የተቆረጠ ሲሆን ቀጥ ያለ፣ ክብ ወይም ሞገድ መሰል ጠርዝ ይኖረዋል። ሰፊው ማስመሪያውን በጨርቁ ላይ ተጭኖ ይይዝና ጠርዙን መርፌውን ከከበበው ክብ የብረት እግር ጋር አስጠግቶ ሁለቱን አብሮ ይገፋል። የእግሩ ዲያሜትር በአብዛኛው 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። መርፌው መሐል ላይ ስለሚወርድ ስፌቱ ምንጊዜም ከጠርዙ 6.35 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ጨርቁ በጠረጴዛው ላይ ቢዞርም መስመሩ አይበላሽም፤ ማስመሪያውና ጨርቁ እንደ አንድ አካል እስከተንቀሳቀሱ ድረስ ከጨርቁ አንጻር የመርፌው መንገድ ለውጥ የለውምና።

ነገሩ ይበልጥ የሚስበው ጠርዙ ሲጎብጥ ነው። ሬዲየሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ቅርጽ ማውጫ በውጭ በኩል ብንከተል የምናገኘው ክብ ሬዲየሱ 56.35 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የስፌቱ ዙሪያ ከቅርጽ ማውጫው ዙሪያ በ40 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበልጣል። አሁን የቅርጽ ማውጫውን ሬዲየስ ወደ 500 ሚሊ ሜትር እናሳድገው። ልዩነቱ አሁንም ያው 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው! ልዩነቱ ሁለት ጊዜ ፓይ ሲባዛ በ6.35 በመሆኑ የክቡ ትልቅነት በስሌቱ ውስጥ አይገባም። ተማሪዎች ወረቀት አንስተው ለካሬም ቢሞክሩት መልካም ነው። በካሬው አራት ማዕዘኖች ላይ እግሩ ሲዞር አራት ሩብ ክቦች ይፈጠራሉ፤ ድምራቸው አንድ ሙሉ ክብ ስለሆነ ልዩነቱ እንደገና 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል።

ከዚህም ሌላ እንግዳ ውጤት ይወለዳል። ወደ ውጭ የሾለ ማዕዘን የምትሰጠን ስፌት የተጠጋጋች ናት፤ ወደ ውስጥ የገባ ማዕዘን ግን የሾለ ስፌት ይሰጣል። የጎድጓዳው ሬዲየስ ከ6.35 ሚሊ ሜትር ካነሰ ደግሞ እግሩ ጨርሶ አይገባበትም።

ይህ ሁሉ የሚያዘው ማስመሪያው በጨርቁ ላይ እስካልተንሸራተተ ነው። በአክሪሊክና በጨርቅ መካከል ያለው የሰበቃ ቁጥር 0.3 ነው ብንልና በ10 ኒውተን ብንጫነው፣ ከ3 ኒውተን የበለጠ የጎን ግፊት ያንሸራትተዋል። ከሥሩ ሻካራ ነገር ተለጥፎ ቁጥሩ 0.8 ቢደርስ እስከ 8 ኒውተን ይታገሣል። ሰፊዎች ይህን የሚያደርጉት ስሌቱን ሳይጠብቁ ነው። የእጅ ቦታም ወሳኝ ነው። እግሩ ጠርዙን በ2 ኒውተን ሲገፋው እጃችን 15 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢገኝ፣ ማስመሪያውን ለማዞር የሚሞክረው ጥምዘት እጅ በ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ካለበት ሦስት እጥፍ ነው። በረጅም ማስመሪያ የሚሠራ ሰው መርፌውን ጨርቁ ውስጥ አስገብቶ መኪናውን ያቆማል፤ እጁን ወደ እግሩ አቅርቦ እንደገና ይጀምራል።

የመንሸራተት ጉዳቱ በጠመመ መስመር አያበቃም። በተራው ስስ እግር ማስመሪያ መጠቀም አደገኛ ነው፤ ማስመሪያው ከእግሩ በላይ ወይም በታች ሾልኮ መርፌው ሥር ይገባል። በደቂቃ 800 ጊዜ የሚወርድ መርፌ አክሪሊክ ሲመታ ይሰበራል፤ ስባሪው ወደ ዓይን ሊፈናጠር ይችላል። ለዚህም ነው ለማስመሪያ የተሠራው እግር ግድግዳው ከፍ ያለው፣ የማስመሪያውም ውፍረት እንደ መኪናው ዓይነት 3 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆነው። አዲስ ማስመሪያ ሲቀርብ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የመኪናውን መዘውር በእጅ አንድ ዙር አዙሮ መርፌው የት እንደሚወርድ ማየት ያስፈልጋል፤ መነጽር ማድረግም እንዲሁ።