ትሪኮሞኒያሲስ በሆስፒታል ታካሚዎች ዘንድ

ትሪኮሞኒያሲስ ትሪኮሞናስ ቫጂናሊስ በተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተውሳክ የሚመጣ የአባላዘር በሽታ ነው። በቫይረስ የሚመጡትን ሳይጨምር በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው የአባላዘር በሽታ ይኸው ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት በ2020 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ 156 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ኢንፌክሽኖች ተከስተዋል፤ በዚያው ዓመት ክላሚዲያ 129 ሚሊዮን፣ ጨብጥ ደግሞ 82 ሚሊዮን ነበሩ። ይሁን እንጂ በሆስፒታል መዝገብ ላይ የሚገኘው ቁጥር የበሽታውን ትክክለኛ ስርጭት በቀጥታ አያሳይም።

ተውሳኩ

ተውሳኩን ለመጀመሪያ ጊዜ በ1836 እ.ኤ.አ. የገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም አልፍሬድ ዶኔ ነው። ከፊቱ ባሉት አራት ጅራፍ መሰል ክሮች እየተንቀጠቀጠ ይንቀሳቀሳል። እንደ ጃርዲያ ያሉ የአንጀት ተውሳኮች የሚሠሩት ጠንካራ ሽፋን ስለሌለው ከሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም፤ በመሆኑም ዋናው መተላለፊያው የግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው።

ምልክቶችና ጉዳት

አብዛኞቹ ተጠቂዎች ምልክት አይታይባቸውም ወይም ምልክታቸው ቀላል ነው። በሴቶች ላይ ሲታይ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መልክና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ማሳከክ፣ እንዲሁም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ያስከትላል። በእርግዝና ወቅት ያለጊዜው ከመውለድና ከአነስተኛ የልደት ክብደት ጋር ይያያዛል። በኤችአይቪ የመያዝንም ዕድል ከፍ ያደርጋል።

የሆስፒታል ቁጥሮች ለምን ይለያያሉ?

አንደኛው ምክንያት የተመርማሪዎቹ ማንነት ነው። ፈሳሽ አስቸግሯቸው ወደ ማህፀን ሐኪም የመጡ ሴቶች ብቻ ሲመረመሩ የሚገኘው መጠን ለእርግዝና ክትትል ከመጡት ሁሉ ከሚገኘው ከፍ ሊል ይችላል። ወንዶች ደግሞ ምልክት ስለማይታይባቸው ብዙም አይመረመሩም።

ሁለተኛው የምርመራው ዘዴ ነው። በብዙ ሆስፒታሎች የሚሠራበት ናሙናን በጨው ውሃ ጠብታ በማይክሮስኮፕ ማየት ርካሽና ፈጣን ቢሆንም፣ ከ100 ተጠቂዎች የሚያገኘው ከ44 እስከ 68 የሚሆኑትን ብቻ ነው። ባለሙያው ተውሳኩን የሚለየው በእንቅስቃሴው ስለሆነ ናሙናው በዘገየ ቁጥር ውጤቱ ይቀንሳል። የዘረመል ምርመራ ግን ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ያገኛል። ለምሳሌ ከ400 ሴቶች 40ዎቹ ተውሳኩ ቢኖርባቸውና ማይክሮስኮፑ ግማሾቹን ብቻ ቢያይ፣ ትክክለኛው ስርጭት 10 በመቶ ሆኖ ሳለ መዝገቡ 5 በመቶ ይላል።

ሦስተኛው የሕክምናው አሰጣጥ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች የአባላዘር በሽታዎች የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ በሚታዩት ምልክቶች ተለይተው ይታከማሉ። ይህ አሠራር ታካሚዋ በዕለቱ መድኃኒት እንድታገኝ ይረዳል። ነገር ግን የተውሳኩ ስም በመዝገብ ላይ ላይሰፍር ይችላል፤ ምልክት የሌላቸውም ሳይታከሙ ይቀራሉ።

ሕክምና

በሽታው ሜትሮኒዳዞል በተባለ መድኃኒት ይድናል። መጠኑንና የሚወሰድበትን ጊዜ ሐኪም ይወስናል። የትዳር ወይም የግብረ ሥጋ ጓደኛ አብሮ ካልታከመ ግን ተውሳኩ ተመልሶ ሊይዝ ይችላል። ኮንዶምን በትክክል መጠቀም የመተላለፍ ዕድሉን ይቀንሳል።