የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ሚዛን

ለአእምሮ ሕመም የሚታከም ሰው አካሉም እዚያው ይታይለት የሚለው ሐሳብ ቀላል ነው። ክብደቱን፣ የወገቡን ልክ፣ የደም ግፊቱንና ስኳሩን መለካት፣ ሳል ከሰነበተበት ቲቢ መመርመር፣ ስለ ሲጋራና ጫት መጠየቅ፣ ከዚያም የተገኘውን ማከም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል።

አስፈላጊነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በቡታጅራና አካባቢው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከነዚህ ውስጥ 121ዱ ሞተዋል፤ ያለ ዕድሜያቸው፣ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው። ራስን ማጥፋትም አደጋም አለበት፤ ግማሽ ያህሉን የወሰደው ግን ተላላፊ በሽታ ነው።

እኔ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የማስበልጠው ሚዛኑን ነው፤ የሚናቀውም እሱ ነው። አንድ የተመላላሽ ክፍል ውስጥ በር ጀርባ ቆሞ ካርቶን ተጭኖበት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ቸልተኝነት ያናድደኛል።

ሚዛኑ የሚናቅበት አንዱ ምክንያት ከእኛው ቤት ይመነጫል። እኛ ዘንድ መወፈር የመዳን ምልክት ነው። ኦላንዛፒን የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ልጃቸውን ይዘው የመጡ እናት «ተመስገን፣ ሥጋ ለበሰልኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሲስተሯ ደስታቸውን አላጠፋችባቸውም። «እማማ፣ ሱሪው ከመቼ ጀምሮ ነው የጠበበው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ከፋሲካ ወዲህ» አሏት። ካርዱን ገልጣ መድኃኒቱ ሲጀመር የነበረውን ክብደት ፈለገች፤ አልተጻፈም። ስንት እንደጨመረ ማወቅ ስላልቻለች ሚዛኑ ላይ አቆመችው፣ ወገቡን በሜትር ለካች፣ ሁለቱንም ቁጥር ጻፈች፣ ስኳሩ እንዲታይም ወደ ላብራቶሪ ላከችው።

ከአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን በተለይ የምግብ ፍላጎትን ይቀሰቅሳሉ፤ ታማሚው በልቶ ቶሎ አይጠግብም። «ሆዳም ሆነ» እያሉ ማሸማቀቅ ስለዚህ ግፍ ነው። የክብደቱ መጨመር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚፈጥን፣ የእንግሊዝ መመሪያ ክብደት መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያ ለ6 ሳምንት በየሳምንቱ፣ በ12ኛው ሳምንት፣ በዓመቱ፣ ከዚያም በየዓመቱ እንዲለካ ያዛል። ቶሎ ከታወቀ ለስላሳውንና የሻይ ስኳሩን መቀነስ፣ በእግር መሄድ፣ ካልሆነም ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዲያስተካክል ማድረግ ይቻላል። «አወፈረው» ብሎ በራስ ሥልጣን መድኃኒት ማቋረጥ ግን ሕመሙን መልሶ ይጠራል። ይህን የሚያደርጉ አስታማሚዎች ደግመው ያስቡበት።

ሚዛን መቀነስንም ያሳያል። ቲቢ የያዘው ወይም ቤቱ በቂ ምግብ የሌለው ታማሚ ሲከሳ «ጭንቀቱ ነው» ተብሎ ይታለፋል። «ደረቴን ወጋኝ» ሲልም «ሕመሙ ተነሣበት» ይባላል። እንዲህ ያለ ስሞታ የማንኛውም ሰው ስሞታ እንደሚመረመረው ሁሉ መመርመር አለበት።

ከሚዛን ሌላ ምርመራ የሚሹ መድኃኒቶችም አሉ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው የኩላሊትና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ያስፈልገዋል። ክሎዛፒን የሚወስድ ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሱ በየጊዜው ይታያል። የሲጋራ ጭስ ክሎዛፒንን ከሰውነት ቶሎ እንዲወጣ ስለሚያደርግ፣ አጫሹ ድንገት ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ያሻቅባል። ማቆሙ መልካም ነው፤ ሐኪሙ ግን አስቀድሞ ይወቅ።

ለባለሙያዎች፦ አዲስ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ክብደቱ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ለቤተሰብ፦ በሚቀጥለው ቀጠሮ ማንም ባይጠይቃችሁ እንኳ «ይመዘን» በሉ፤ ቁጥሩንም በእጃችሁ ጽፋችሁ ያዙ።